እትዬ የብርጓልና ጳጉሜን ስድስት

እኔ ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። ፎቶ አንሺ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰውን በነጭ መጋረጃ ፊት እያስቀመጥኩ «አገጭ ቀና፣ ጆሮ ይታይ» ስል ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ከማስደነቅ ይልቅ ብጉሩን ያስቆጥራል። ከግድግዳዬ ማዶ ስለሚሠሩት ሴት ግን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ያውም እኚህ ሴት በየሳምንቱ ቢያንስ አንዱን ፎቶዬን «ጥላ አለበት» ብለው ይመልሱብኛል።

እትዬ የብርጓል እንዳላማው ይባላሉ። በራቸው ላይ «የጽሕፈትና የትርጉም አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ውስጡ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው፤ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው ጉልበቱን ይሰበስባል። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ዓባይን ተሻግረው አያውቁም። ማርቆስ ከገቡ ወዲህ የሄዱበት ሩቅ አገር ደጀን ነው፤ እሱም ለለቅሶ። ከዚህች ክፍል ግን ወረቀታቸው ተሟልቶ አሜሪካ ለትምህርት የሄዱ ልጆች አሥራ አምስት ናቸው። የሁሉንም ፎቶ ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን ማንም አይነግረኝም።

አባታቸው መሪጌታ እንዳላማው የመርጡለ ማርያም ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በእጃቸው የሚጽፉ ሰው ማለት ነው። እትዬ የብርጓል በልጅነታቸው ቀለም አቀባይ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ አራሚ ሆኑ። አባትየው ታዲያ የተጻፈውን ገጽ ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው ያስነብቧቸው ነበር። «ዓይን ወደ ፊት ሲሄድ ያስባል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ያያል» ይሉ ነበር አሉ። ስህተት ሲገኝ በጥቁር ይታረማል። ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም ብቻ ነው የሚጻፍበት። እትዬ የብርጓል እስከ ዛሬ ጠረጴዛቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አያኖሩም፤ አንዴ አውሼያቸው «ይሄ ለእኔ ሥራ አይሆንም» ብለው መለሱልኝ።

ከአባታቸው ብራና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና፣ ከዚያም ጡረታ ሳይደርስ ወደዚህች ክፍል መጡ። ያ የኋሊት ንባብ ግን አብሯቸው መጣ። ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን በግድግዳው በኩል «ኤም፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤን፣ ዋይ፣ ኤ» የሚል ድምፅ ስሰማ እውነቴን ነው፣ ድግምት መስሎኝ አማትቤያለሁ። ለካ የአንዲት አይናለም ስም በእንግሊዝኛ ከጭራው እየተመሳከረ ነበር።

እንግሊዝኛ ሲናገሩ አንደበታቸው ይተሳሰራል። ሲያነቡ ግን ማንም አይስተካከላቸውም። ልጆቹ ሁሉ አይ-ትዌንቲ የሚሉትን ወረቀት እሳቸው «ሽማግሌው» ይሉታል። ገበሬው አባት ልጁን ይዞ መጥቶ «ኧረ ለመሆኑ ይሄ ወረቀት ምንድን ነው?» ሲላቸው ሁሌም በአንድ ዓይነት መንገድ ያስረዳሉ። «ቪዛው ሙሽራዋ ናት። ሽማግሌ ሳይላክ ሙሽራ ይጠየቃል? አይጠየቅም። ይሄ ወረቀት ኮሌጁ ለአገሩ መንግሥት የሚልከው ሽማግሌ ነው። 'ይህችን ልጅ ተቀብለናታል፣ የምትማረው ይሄን ነው፣ የሚያስተምራት እገሌ ነው' ብሎ ቃል ይገባላታል። ሽማግሌ ደግሞ የልጅቱን ስም ከተሳሳተ ከደጅ ይመለሳል።» አባትየው ይስቃል፤ ገባው ማለት ነው።

እንግዲህ የምነግራችሁ ሽማግሌው ከደጅ ሊመለስ ስለነበረበት ጊዜ ነው።

አይናለም ሙሉሰው፣ ከዚያች ከድሮዋ አይናለም ሌላ፣ ከአማኑኤል ከተማ ዳር፣ ከገበሬ ቤት የወጣች ልጅ ናት። ማርቆስ ቤት ተከራይታ ስትማር ከክፍሏ አንደኝነትን ለማንም አልሰጠችም። የውኃ ምሕንድስና ልማር ብላ አሜሪካ ላለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ አመለከተች። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን እናቷን ሽታዬን ይዛ እትዬ የብርጓል ዘንድ መጣች። እኔም ፎቶዋን ላስረክብ ገብቼ እዚያው ነበርኩ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የዋለበት ቀን ስለነበር እትዬ የብርጓል ጣታቸው ይሮጣል።

«መቼ ነው የተወለደችው?» አሉ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅሉ። ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት ዕድሜዋን እንጂ ቀኗን አይናገርም።

«ጳጉሜን ስድስት» አለች ሽታዬ። «በማግሥቱ ዕንቁጣጣሽ ነው። ያ ሚሊኒየም የሚሉት የገባ ዕለት።»

«ጳጉሜን አምስት ማለትሽ ነው።»

«ስድስት ናት እትዬ።»

«ጳጉሜን እኮ አምስት ቀን ናት ልጄ። የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ አይደል? በቃ ገባኝ።»

ሽታዬ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዝም አለች። የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር አሥር ነው። እትዬ የብርጓል ሴፕቴምበር አሥር ብለው ጻፉ፤ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ወደ ፊት አነበቡት፣ አይናለም «የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው» የሚለው ላይ ፈረመች፣ ማመልከቻው ሄደ። መብራቱ ከአፍታ በኋላ ሲጠፋ ሁላችንም «ተመስገን» አልን።

ልጅቱ ተቀባይነት አገኘች፤ ያውም ኮሌጁ ሙሉ ወጪዋን ችሎ። ፓስፖርቷ ገና ስላልደረሰ አይ-ትዌንቲው በማመልከቻው ላይ ባለው ቀን ተሠርቶ በኢሜይል መጣ። እትዬ የብርጓል ሲያትሙት ወረቀቱ ሳይወጣ ጫፉን ይጎትቱ ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ልጅ እንኳ አልለመዱትም። አዲስ አበባ ኤምባሲ የቃለ መጠይቅ ቀን ተያዘ። ከዚያ ፓስፖርቱ መጣ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ በቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ። በግድግዳው በኩል የኋሊት ንባቡን እሰማለሁ። ዓመቱን አነበቡ፣ ወሩን አነበቡ፣ ቀኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጠበቅኩ። እኚህ ሴት መሐል ላይ ቆመው ስለማያውቁ ደንበኛዬን ነጭ መጋረጃው ፊት ትቼ ሄድኩ።

ሽታዬ በቀበሌ ባስመዘገበችው ልደት የተሠራው ፓስፖርት ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ይላል፤ አይ-ትዌንቲው አሥር።

«ፓስፖርት የሠሩት ሰዎች ተሳስተው ይሆናላ» አልኩ። እትዬ የብርጓል ይሳሳታሉ ብሎ ማሰብ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

እርሳስ አነሱ። አባታቸው ያስተማሯቸውን የባሕረ ሐሳብ ስሌት ወረቀት ላይ ጀመሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ላይ የልጅቱን የልደት ዓመት፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝን ደመሩ፤ ሰባት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። ለአራት አካፈሉት። ሦስት ተረፈ።

«ሦስት ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። ዕንቁጣጣሹም በፈረንጅ አሥራ ሁለት ላይ ይውላል። ዋዜማው አሥራ አንድ ነው።» እርሳሱን አስቀመጡ። «የመሪጌታ እንዳላማው ልጅ ዘመነ ሉቃስን ረሳች። ማንበብ የማትችል ሴት ስድስት ስትለኝ አምስት ነው አልኳት።»

«መብራቱ እኮ ነው እትዬ፣ ቸኩለው ነበር።»

«መብራቱ አላሳሳተኝም። ኩራቴ ነው። ጌቱ፣ እኔ ወረቀቱን ከወረቀት ጋር አመሳከርኩ፤ ከሴትዮዋ ጋር አላመሳከርኩም።»

እዚህ ላይ ያልኩትን ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን እናገራለሁ። «አንድ ቀን ምን አላት? ማን ያየዋል?» አልኳቸው።

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» አሉኝ። «ፓስፖርቱ ላይ አንዲት ልጅ፣ አይ-ትዌንቲው ላይ ሌላ ልጅ። መስኮቱ ጋ የምትቆመው የትኛዋ ናት ቢሏትስ?»

«እሺ፣ 'ፓስፖርቱ አሁን መጣ፣ ቀኑን አስተካክሉልን' ብለው ይጻፉላቸው። ስህተቱ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል?»

«ከተጠየቀ የምትጠየቀው ልጅቱ ናት። እውነት ነው ብላ የፈረመችው እሷ ናት፣ እኔ አልፈረምኩም። በልጅ ፊርማ ውስጥ አልደበቅም።»

አይናለምን አስጠርተው ፊት ለፊት ነገሯት። ልጅቷ ሁለቱን ወረቀት አየች፣ እንባዋ መጣ፣ ከእንባው ጋር ቁጣውም መጣ። «እማዬ ነግራዎት ነበር እኮ!» አለች። «ሁለቴ ነግራዎት ነበር!»

«ነግራኛለች» አሉ እትዬ የብርጓል። እኔ ልከራከርላቸው አፌን ስከፍት በዓይናቸው ዘጉኝ።

ደብዳቤውን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት፤ ረቂቁ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። እንዲህ ይላል፤ «ስሜ የብርጓል እንዳላማው ነው። ሥራዬ ጽሕፈት ነው። የአይናለም ሙሉሰውን የልደት ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እሷም እናቷም አልተሳሳቱም። በአገራችን ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው። አሥራ ሦስተኛው ወር አምስት ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ይሆናል። ልጅቱ የተወለደችው በዚያች በስድስተኛዋ ቀን ነው። እናቷ ነግራኝ ነበር፤ እኔ አላመንኳትም።»

«የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያጥፏት። ፈረንጅ ምን አገባው?» አልኳቸው።

«ደብዳቤው እሷ ናት» አሉኝ።

ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት መዝገበ ቃላቱን አጠገባቸው አድርገው ሙሉ ቀን ፈጀባቸው። ኔትወርክ ደግሞ በማግሥቱም ጠፍቶ ዋለ፤ ደብዳቤው የሄደው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ከሰዓት መልስ መጣ። የጻፈችው የኮሌጁ የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ናት። «ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ» ትላለች፤ «ነገር ግን የቀን መቀየሪያ ፕሮግራማችን ስድስተኛዋን ቀን አልቀበልም አለኝ። በእርግጥ መኖሯን የሚያሳይ ነገር ይኖርዎታል?»

እትዬ የብርጓል ሲያነቡት ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። «እንደኔው ናት» አሉ፤ «ስድስት የለም አለች።» ከዚያ ንጹሕ ወረቀት አውጥተው የባሕረ ሐሳቡን ስሌት አባታቸው በሚጽፉበት ቁም ጽሕፈት፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ እየተረጎሙ አሰፈሩት። እኔ ፎቶ አነሳሁት። በዕድሜዬ ካነሳሁት ሁሉ ያቺን ምስል የሚያህል የለኝም፤ ጥላ አለበትም አላሉኝ። ዓርብ ላክነው። ቅዳሜና እሑድ እዚያም ቢሮ ይዘጋል። የቀረን መጠበቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የብርጓል ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ነጭ ለብሰው ሲወጡ አየኋቸው። «ወዴት?» ብላቸው «አማኑኤል» አሉ። የማያገባኝ ቦታ መግባት ልማዴ ስለሆነ አብሬ ተሳፈርኩ።

ሽታዬን ገበያ ላይ፣ በርበሬዋን ዘርግታ፣ በጎረቤቶቿ መሐል ተቀምጣ አገኘናት። ስታየን የልጇ ነገር የከሸፈ መስሏት ክው አለች። እትዬ የብርጓል ሰላምታም ሳይጨርሱ ወደ ጉልበቷ ጎንበስ አሉ። በልጃቸው ዕድሜ ያለች ሴት ጉልበት፣ በገበያ መሐል! ሽታዬ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ ተነሥታ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

«ኧረ በስመ አብ! ኧረ ይተው እትዬ! ምን ሆነዋል?»

«ስድስት አልሽኝ፤ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ልጅሽን አንድ ቀን አስቀድሜ ወለድኳት። ይቅር በይኝ።»

ሽታዬ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። «አስቀድመው ቢወልዱልኝማ በወደድኩ፤ ያን ቀን ሙሉ ሳምጥ ነው የዋልኩት።» ገበያው ሁሉ አብሯት ሳቀ። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እርስዎ እኮ ከወረቀት ነው የሚያውቋት። እኔ ከምጥ ነው። የምጥ ቀን ይረሳል?» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ሽታዬ በርበሬዋን በእጇ እያስተካከለች መለሰች። «የተማረ ሰው ሲናገር እኔ ምን እላለሁ? እኔ ስድስት አውቃለሁ። በወረቀት ሲሆን አምስት ይሆን ይሆናል አልኩ።»

እኔ ጆሮዬ ድረስ ፊቴ ጋለ። ስንመለስ እትዬ የብርጓል አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን እያዩ ሄዱ፤ ማርቆስ ልንገባ ስንል ብቻ «በወረቀት ሲሆን አምስት ይሆን ይሆናል» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ቢሮ ሲከፈት፣ የተስተካከለው አይ-ትዌንቲ መጣ። ሴፕቴምበር አሥራ አንድ። ኃላፊዋ ከሥሩ ሁለት መስመር አክላለች፤ «ስድስተኛዋን ቀን አምነናል። ለእናትየዋ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ።» አይናለም ጮኸች፤ እኔም ጮኽኩ ይመስለኛል። እትዬ የብርጓል ግን ወረቀቱን አትመው ከኋላ ወደ ፊት ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ስልክ አንሥተው ሽታዬ ዘንድ ደወሉና እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ፣ ከፊት ወደ ኋላ አነበቡላት። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን አገር።

«የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት፣ የሚሊኒየሙ ዋዜማ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» የሚለው ድምፅ እኔ እስከቆምኩበት ተሰማ።

«አሁን ፈርሚ» አሏት አይናለምን። ልጅቷ ፈርማ እስክሪብቶውን ስታስቀምጥ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ስላለፈው ሰኞ ቁጣዋ ይቅርታ ስትጠይቅ እትዬ «ልክ ነበርሽ፣ ልክ የሆነ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም» አሏት። ማክሰኞ ጠዋት ተሳፍራ፣ መንገዱ ክፍት ስለነበር፣ ማታውን አዲስ አበባ ገባች።

ረቡዕ ሁለታችንም ሥራ አልሠራንም። እኔ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ አነሣሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኑን ጨፍኗል። ስልኩ ሲጮህ እትዬ የብርጓል ሊያነሡት ፈርተው ወደ እኔ ገፉት፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ አነሣሁት።

«ሰጡኝ!» አለች አይናለም። «እትዬ፣ ሰጡኝ!»

እትዬ የብርጓል በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲረጋጉ «ምን ጠየቁሽ?» አሏት።

«ምን ልትማሪ ነው፣ ማን ያስተምርሻል አሉኝ። ወረቀቱን አንዴ ገለጥ አድርገው ፓስፖርቴን አስቀሩት። በቃ።»

ስልኩ ሲዘጋ እኔ መቼም አላርፍም፣ «ይኸው! ያን ሁሉ ጭንቅ፣ ቀኑን ማንም አላየውም እኮ!» አልኳቸው።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ።

ልጅቷ የሄደች ሰሞን እትዬ የብርጓል አንድ ወረቀት ይዘው ሱቄ ገቡ። «ይሄን አጉላልኝ፣ ክፈፍም አድርግለት» አሉኝ። ሌላው ጸሐፊ ሁሉ ቪዛ ያገኙ ልጆችን ፎቶ ነው ግድግዳው ላይ የሚደረድረው፤ እኔም የአይናለምን ያመጡ መስሎኝ ነበር። ገልጬ ሳየው የተሳሳተው አይ-ትዌንቲ ነው። ሴፕቴምበር አሥር ከሚለው ሥር ወፍራም ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። «ቀይ እስክሪብቶ ከየት አመጡ?» ልል ብዬ ተውኩት። አጉልቼ፣ ክፈፍ አድርጌ ከኮምፒውተራቸው በላይ ሰቀልኩላቸው። ከዚያ ወዲህ እናት መጥታ የልጇን ልደት ስትናገር ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙረው፣ ያለችውን መልሰው ሳይነግሯት ወደ ሌላ መስመር አያልፉም።

በጥቅምት ሽታዬ መጣች። ልጇ የላከችውን ፎቶ አትሜላት ስጨርስ እትዬ የብርጓልን ልሰናበት ብላ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ትንሽ እንደቆየች ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ይሄ የተከፈፈው የማን ወረቀት ነው እትዬ? ምን ይላል?»

እትዬ የብርጓል ከወንበራቸው ተነሡ።

«'ሽታዬ ልክ ነበረች' ይላል።»

ሽታዬ ጠጋ ብላ አንጋጠጠች። «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለች።

እትዬ የብርጓል ጣታቸውን ዘርግተው ቀዩ መስመር ላይ አሳረፉት።